ጋሼ አብሽር

ይህን ለመጻፍ ፈቃድ ያገኘሁት ባለፈው እሁድ ነው። የፈቀደልኝ አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ሁለት ነገር ብቻ ከልክሎኛል፤ የእሱን ስም እንዳልጽፍና የጓደኛውን ስም እንዳልጽፍ። ሌላውን "እንደፈለግህ" ብሏል። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። መጨረሻ ላይ የምጠይቃችሁ ነገር አለ። በተለይ የወሎ ልጆች እባካችሁ ሳታነቡ አትለፉ።

ሃላሌ ያደጋችሁ ተማሪዎቼ "ጋሼ አብሽር" ስላችሁ ማንን እንደምል ገብቷችኋል። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሐዘንተኛውን ትከሻ ያዝ አድርጎ የሚላት ቃል እሷ ናት፤ "አብሽር"። በሬው ገደል የገባበትም አብሽር፣ ማትሪክ ያላመጣውም አብሽር። እኔ ዲግሪ ልማር ብዬ ብር አጥሮኝ ስተወውም "አብሽር" ብሎኛል። በኋላማ የሰፈር ልጅ ሁሉ ከሩቅ ሲያየው "ጋሼ አብሽር!" እያለ ይጮህ ጀመር፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ጸሎት ቤት የሚሄድ የወላይታ ገበሬ "አብሽር" እና "ወላሂ" ሲል የሚሰማ እንግዳ ግራ ይገባዋል። እኛ ግን ለመድነው። ከየት አመጣው ብሎ የጠየቀ የለም።

ሌላው የሚታወቅበት ነገር በር ላይ ነው። በእኛ አገር ሁለት ሰው በር ላይ ሲገናኝ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። "ግባ እንጂ"፣ "ኧረ አንተ ቅደም"፣ "በፍጹም አይሆንም" እየተባባሉ ወጡ እስኪቀዘቅዝ መገፋፋት ነው። አጎቴ ይህን አያውቅም። ሽማግሌ ይኑር፣ ወንጌላዊ ይኑር፣ ሙሽራ ይኑር፣ ትከሻውን ሸጎጥ አድርጎ ቀድሞ ይገባል። ገብቶም አይቀመጥም። ግራና ቀኝ ማዕዘኑን ይቃኛል፣ ከበሩ ጀርባ ያያል፣ ከዚያ ዞር ብሎ "ግቡ" ይላል፤ በሰው ቤት! አንድ ጊዜ ለሽምግልና ተልኮ የልጅቷን ቤት ከዋናው ሽማግሌ ቀድሞ ሲገባ እናቴ በሐፍረት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። "ውትድርና ባለጌ አደረገው" ይሉ ነበር። እኔም በልጅነቴ ይዞኝ ሲሄድ አፍርበት ነበር፣ አልዋሽም።

አጎቴ የተወሰደው በ1980 ዓ.ም. ነው። እኔ ገና አራስ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ስናስተምር የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል እንላለን። ወረቀቱ የሚለው እሱን ነው። መሬት ላይ ግን ለቀበሌው ኮታ ይመጣበታል፣ ኮታው ካልሞላ ገበያ ከብቦ ማፈስ ነው። አጎቴ ፍየል ሊሸጥ እንደወጣ ቀረ። ፍየሏ ገመዷን እየጎተተች ማታ ብቻዋን ቤት መጣች። እናቴ ይህን ስታወራ መጀመሪያ ትስቃለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች። ብላቴ ሠለጠነ፣ ኤርትራ ተላከ፣ ምጽዋ ከነበረው ጦር ተደለደለ።

ሲሄድ የሚያውቃት አማርኛ "ና"፣ "ሂድ"፣ "ስንት ነው" ናት። ቀሪውን ያስተማረው አንድ ሰው ነው፤ እዚያው ጓድ ውስጥ የነበረ ወሎዬ። ማታ ዋርድያ ሲቆሙ አንድ በአንድ እየጠቆመ ይነግረዋል። ይሄ ጨረቃ ነው፣ ይሄ ጥላ ነው፣ ይሄ ናፍቆት ነው። (ናፍቆትን በጣት እንዴት እንደጠቆመለት ጠይቄዋለሁ። "ወደ አገሩ አዞረኝ" አለኝ።) ለዚህ ነው አጎቴ አማርኛ ሲናገር ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማው ሰው ከወሎ የመጣ ነጋዴ የሚመስለው። እሱም በፋንታው ወላይትኛ አስተምሮታል። ሰላምታውን "ሳሮ"፣ ውኃን "ሃታ"። ሃታ በኋላ የሁለቱ የምስጢር ቃል ሆነች። ውኃ ሲያጥር ሌላው ሳይሰማ ኮዳ የሚጠያየቁት በእሷ ነው።

እኔና እሱ የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው። የምጽዋን ነገር ግን አንድ ቀን በወላይትኛ አውርቶልኝ አያውቅም። እዚያ ሲደርስ ራሱ ሳያውቀው ወደ አማርኛ ይሻገራል።

ከተረፍን ብለው ቃል ተግባብተው ነበር። አንዱ ቢሞት ሌላው ቤቱ ድረስ ሄዶ በአፉ ይንገር፣ መርዶ በወረቀት አይሁን። "አገርህ የት ነው?" ይለዋል አጎቴ። "ሐይቅ" ይለዋል። አጎቴ ለሃያ ዓመት ጓደኛዬ የሐይቅ ዳር ሰው ነው እያለ ኖረ፤ እንደ አባያ ያለ አንድ ሐይቅ። የትኛው ሐይቅ እንደሆነ ግን ሳይነግረኝ ሞተ ይል ነበር። ወሎ ውስጥ ደግሞ ስንት ሐይቅ ይኖራል? ማንን ይጠይቅ?

በ2003 ዓ.ም. ነው ነገሩ የተፈታው። ያኔ ኦሞ ላይ ግልገል ጊቤ 3 ግድብ እየተሠራ ነበርና አካባቢያችን ከየአገሩ በመጣ ሠራተኛ ተሞልቶ ነበር። እኔ አዲስ አስተማሪ ነኝ፣ ደመወዝ ወጥቶ አጎቴን ሻይ ልጋብዘው ወጥተናል። አጠገባችን አንድ ወጣት የከባድ መኪና ሾፌር ተቀምጧል። አጎቴ አነጋገሩን ሲሰማ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"አገርህ የት ነው?"

"ሐይቅ።"

"የትኛው ሐይቅ?"

ልጁ ሳቀ። "ሐይቅ ነዋ! ከተማው! ከደሴ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለበት።"

አጎቴ አልሳቀም። የጓደኛውን ስም ጠራለት። ልጁ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከየት ያውቀዋል? "የገጠሩ ሰው ይሆናል፣ ሐይቅ ሰፊ ነው" አለው። ወደ ቤት ስንሄድ አጎቴ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ "በቃ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወሎ እንሄዳለን!" አልኩት።

አልሄድንም። ክረምት ሲሆን "ማሳው ይታረም" ይላል። መስከረም ሲመጣ "ጊፋታ ይለፍ" ይላል። ከዚያ ቡና፣ ከዚያ የልጁ ሰርግ። የገንዘብ ነገር መስሎኝ አጠራቅሜ ትኬቱን እኔ እችላለሁ አልኩት። ተቆጣኝ። አሥር ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ጥቅምትና ኅዳር 2014 ዓ.ም. ታስታውሳላችሁ። ጦርነቱ ወሎ ገብቶ ደሴና ኮምቦልቻ ሲባል፣ እዚህም ለመዝመት የሚመዘገበው ይመዘገብ ነበር። ከክፍሌም የሄዱ አሉ (ከእናንተ ውስጥ ይህን የምታነቡ አላችሁ፣ ሳሮ ልበላችሁ)። አንድ ማታ አጎቴ ቤት ስደርስ ሬዲዮኑ ላይ ጆሮውን ለጥፎ አገኘሁት። የሐይቅን ስም ሰምቶ ነበር። ሬዲዮኑን አጠፋውና "ያልሄድኩት ለምን እንደሆነ ልንገርህ" አለኝ። በአማርኛ።

ምጽዋን ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ከተማዋ ሦስት ቁራጭ ናት። አንዱ ክፍል የብስ ላይ ነው። ከዚያ በባሕሩ ላይ በተደለደለ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ጥዋለት ወደምትባል ደሴት ትሻገራለህ። ከጥዋለት ደግሞ በሌላ አጭር መንገድ ወደቡ ወዳለባት አሮጌዋ ደሴት ትገባለህ። አሥመራ የነበረው ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ስንቁም ጥይቱም በብዛት የሚመጣለት በዚህ ወደብ ነው። የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ማጥቃት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን የብሱን ክፍል ያዘ፣ የተረፈው ጦር በዚያ ቀጭን መንገድ ወደ ደሴቶቹ ሸሸ።

"አሮጌ ወታደሮች ያጽናኑን ነበር" አለኝ አጎቴ። "በ70ም እንዲሁ ተከበን ነበር፣ በጨው ሜዳው ሊሻገሩ ሲሉ አርግፈናቸው ምጽዋን አላስነካንም ይሉናል።" እውነት ነው፣ በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ሻዕቢያ በጨው ሜዳው ሊሻገር ሞክሮ ብዙ ሰው አልቆበት ተመልሷል። ያን ጊዜ ግን ባሕሩ ክፍት ነበር፣ መርከብ ይገባል። በ82 እነሱም ፈጣን ጀልባዎች ነበሯቸው።

"ዙሪያህን ውኃ ነው፣ የሚጠጣ ግን የለም። የቧንቧው ውኃ የሚመጣው ከየብሱ ነው፣ የብሱን እነሱ ይዘዋል። ሲቪሉም ከእኛ ጋር ተዘግቶበታል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ስትሰማ ሌሊቱ አያልቅም። እኔ 'ሃታ' እለዋለሁ፣ እሱ ኮዳውን ያቀብለኛል። በክዳኗ ነው የምንጠጣው፣ አንድ ክዳን ጠዋት፣ አንድ ክዳን ማታ።"

አንድ ሳምንት ያህል እንዲህ ቆዩ። ከዚያ የመጨረሻው መጣ። በዚያ ቀጭን መንገድ ታንክ መጣ፣ በባሕር ጀልባ መጣ። የፊተኛው ታንክ ሲመታ የኋላው ይቀጥላል። ዛሬ ምጽዋ ላይ ሦስት ታንኮች ለመታሰቢያ ቆመዋል፤ የእነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ውጊያ ቤት ለቤት ነው።

እዚህ ጋ ሲደርስ አጎቴ ተነስቶ ቆመ። ተቀምጦ ሊያወራው አልቻለም።

"ሜዳ ላይ ሰውየውን ታየዋለህ። ቤት ውስጥ ትሰማዋለህ እንጂ አታየውም። ግድግዳው የባሕር ድንጋይ ነው፣ ጥይት ሲነካው ዱቄት ይሆናል። ሁላችንም ከወፍጮ ቤት የወጣን መሰልን፣ ፀጉራችን ነጭ፣ ቅንድባችን ነጭ። እነሱም ነጭ። ዩኒፎርም አይለይም። የሚለየው ድምፅ ብቻ ነው። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ያስላል፣ ማን ነው የሳለው? ሳል ትግርኛ ይሁን አማርኛ በምን ታውቃለህ?"

አንድ ጊዜ ራሱ አጎቴ ሊሞት ነበር፣ በራሱ ሰዎች እጅ። ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር "ማነህ!" አሉት፣ መለሰ፣ አነጋገሩ ግር አላቸው። ክላሹ ሲቀባበል ሰማ። ከኋላ ወሎዬው "የእኛ ነው! ወላሂ የእኛ ነው!" እያለ እየጮኸ መጥቶ ፊቱ ቆመ። "አማርኛዬ ያን ቀን ሊያስገድለኝ ነበር" አለኝና ፈገግ አለ። ያን ማታ ፈገግ ያለው እዚያ ጋ ብቻ ነው።

"ቤት ሲያዝብን መልሰን እንይዛለን። አገባቡ በተራ ነው። አንደኛው ቦምብ ወርውሮ ይገባል፣ ሁለተኛው እግር በእግር ይከተለዋል፣ ሦስተኛው ውጭ ይጠብቃል። አንደኛ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ... በቃ ታውቀዋለህ። ስለዚህ በተራ ነው። ዛሬ አንተ፣ ቀጥሎ እኔ። ማንም ተራውን አይዘልም፣ አስር አለቃችንም ራሱ ተራ ይገባ ነበር። ሦስተኛው ቤት ላይ ተራው የእኔ ነበር።"

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

"ለእናትህም፣ ለሚስቴም፣ አብረውኝ ለተማረኩትም የነገርኳቸው አንድ ነው። ካዝና እየቀየርኩ ነበር፣ ጥይት ጨርሼ ነበር፣ ስለዚህ እሱ ቀደመኝ ነው ያልኳቸው። ካዝናዬ ሙሉ ነበር። ሙሉ ነበር! ፈራሁ። ካዝናውን አውጥቼ መልሼ ከተትኩት፣ አሁንም አወጣሁት፣ እጄን ሥራ ሰጠሁት። እሱ አየኝ። ሁሉንም አየ። ትከሻዬን ያዝ አደረገና 'አብሽር' አለኝ። ገባ።"

ልክ በሩ ላይ ነው የተመታው። አጎቴ በቀበቶው ጎትቶ አወጣው።

"ሰዎች ሲያወሩ እንዲህ አለ፣ እንዲያ ብሎ ተናዘዘ ይላሉ። እሱ ምንም አላለም። አንድ ቃል አላለም። ኮዳውን ሳነሳው ትንሽ ውኃ ነበረው። ጠጣሁት።"

ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሌላው ብዙ አይደለም። አጎቴ በማግስቱ ተማረከ። የ6ኛው ነበልባል ክፍለ ጦር አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው እንደሞቱ በምርኮ ላይ ሳለ ሰማ። የእሳቸውን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ተጽፏልም፣ ይገባቸዋል። ከምጽዋ በኋላ አሥመራ የነበረው ጦር በአውሮፕላን ብቻ እየተቀለበ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ቆይቶ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተበተነ። አጎቴ የዚያን ክረምት ሶዶ ደረሰ። ከሶዶ ሃላሌ በእግሩ መጣ። እናቴ አላወቀችውም። ቤት ሲደርስ አያቴ በሩ ላይ ቆማ "ግባ ልጄ" እያለች ስታለቅስ እሱ እሷን ገፋ አድርጎ ቀድሟት ገባ። ለሠላሳ ዓመት የተወራበት ብልግና ያን ቀን ነው የጀመረው።

ለመሆኑ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ምጽዋ ጋ ስደርስ ቀኑን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አልፍ ነበር። ያን ማታ ምንም ማለት አልቻልኩም። በመጨረሻ ያልኩት ቃል ምን መሰላችሁ? "አብሽር ጋሼ።" አፌን ምነው በቆረጠው! ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ "እሱም እንዲህ ነበር የሚላት፣ ሸን ረገጥ አድርጎ" አለኝና ተኛ።

ከዚያ ወዲህ "መንገዱ ሰላም ሲሆን እንሄዳለን" ተባብለን ነበር። ኅዳር 2014 ሲያልቅ ደሴ ተለቀቀች፣ ደስ አለን። ከዚያ ሌላ መጣ። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ዘንድሮ ደግሞ አጎቴ ስኳር ጠናበት። እግሩ ቆስሎ አልድንለት ብሎ ሐኪም ረጅም መንገድ ከልክሎታል። እሁድ ዕለት ራሱ ጠራኝና "በዚያ ስልክህ ጻፈው" አለኝ። ጽፌ አነበብኩለት። አንድ ቦታ አስቆመኝ። የካዝናውን ነገር ለስለስ አድርጌ "ምናልባት ሳላውቀው ፈርቼ ይሆናል" ብዬ ጽፌው ነበር። "እኔ እንደዚያ አላልኩህም፣ እንዳልኩህ አድርገህ ጻፍ" አለኝ። አስተካክያለሁ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ወይም በዙሪያዋ ካለ ገጠር፣ ምናልባት በ1979 ወይም በ1980 ዓ.ም. ለውትድርና ሄዶ ያልተመለሰ ልጅ፣ ወንድም፣ አጎት ያላችሁ። ሙስሊም ነው። ሲሄድ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጠን ያለ ረጅም፣ ግራ እጁ የሚቀናው። ያልተዳረች አንዲት ታናሽ እህት ነበረችው፣ ስለ እሷ ብዙ ያወራ ነበር። ዛሬ እሷም አያት ሳትሆን አትቀርም። መርዶ ደርሷችሁ ይሁን አይሁን አጎቴ አያውቅም። ስሙን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው፤ እናቱ በሕይወት ካለች ከስልክ ላይ እንድትሰማው አይፈልግም።

አጎቴ የጓደኛውን የአባት ስም ዘንግቶታል፣ በዚህ በጣም ያፍራል። የቤታቸውን የእርሻ በሬ ስም ግን አልረሳም፤ ማታ ማታ ስለ በሬው ነበር የሚያወሩት። የበሬውን ስም እዚህ አልጽፈውም። እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ።

በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አጎቴ ስልክ አይዝም፣ እኔ ግን በማንኛውም ሰዓት አነሳለሁ።